አረሩን ምን ያህል እናስምጠው? በ4 ልክ ተሞክሮ ግራ ገብቶናል

የሂርማታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጎቴ ልጅ ዴንቨር አካባቢ የረጅም ርቀት ኢላማ ይተኩሳል፤ ጥይቱንም ራሱ ይሞላል፣ እዚያ የተፈቀደ ነው። እኔ ጅማ ሆኜ ሰንጠረዡን እሠራለታለሁ። ጠመንጃው 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ የአረሩ ክብደት 140 ግሬን ነው። የባሩዱ መጠን ከመመሪያው ተመርጦ አልቋል፤ የቀረው አረሩ ቀለሃው ውስጥ የሚሰምጥበት ልክ ነው። በ100 ሜትር፣ በየልኩ 3 ጥይት ተኩሶ ቀዳዳዎቹ የተራራቁበት ስፋት እንዲህ መጣ፦ በ71.7 ሚሜ 31 ሚሜ፣ በ71.5 17፣ በ71.3 19፣ በ71.1 34። 71.7 እና ሌሎቹ የጥይቱ ሙሉ ርዝመት ናቸው፣ ከጫፍ እስከ ቂጥ በካሊፐር የተለካ። 17ቱን ይያዝ?

አዌቱ ማዶ፦
ገና ነው። በ3 ጥይት 17 እና 19 ልዩነት የላቸውም፤ ቢደገም ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ዋናው ችግር ግን አለካኩ ነው። ከአንድ ሳጥን የወጡ አረሮች እንኳ ጫፋቸው እኩል አይደለም፤ 0.2 ሚሜ መለያየት ብርቅ አይደለም። የእናንተ ደረጃ ደግሞ ራሱ 0.2 ነው! ካሊፐሩ ላይ ኮምፓራተር (አረሩን ከጫፉ ሳይሆን ከጎኑ የሚይዝ ቀለበት) ይሰር፣ አረሩ መሹለል ከጀመረበት ቦታ ይለካ።

ቀጥሎ የበርሜሉ ጥርስ (አረሩን የሚያሽከረክሩት የውስጥ ጠርዞች) የሚጀምርበትን ያግኝ። ከመቀርቀሪያው መርፌውንና ቀለሃ አስፈንጣሪውን ያውጣ። ባሩድም፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ቀስቃሽም የሌለው ጥይት አረሩን አስረዝሞ ያግባ፤ እጀታው ይከብዳል። በ0.02 ሚሜ እያሰመጠ ይሞክር፤ እጀታው በራሱ ክብደት የወደቀበት ልክ መነሻው ነው። ከዚያ 0.5 ሚሜ ወደ ውስጥ ይግባና ማስመጡን በ0.08 ሚሜ እየጨመረ፣ በየልኩ 5 ጥይት ይተኩስ። አንዱን ልክ ጨርሶ ወደ ሌላው አይሂድ፤ ከየልኩ አንድ አንድ እያፈራረቀ ይተኩስ፣ አለዚያ የበርሜሉ ሙቀት ለአንዱ ያዳላል።

አንዷን ትንሽ ቁጥር አትከተሉ። ጎን ለጎን 2 ወይም 3 ልኮች ጠበብ ካሉ፣ ከእነሱ ረጅሙን ይያዝ። ጥርሱ በተተኮሰ ቁጥር እየተበላ ስለሚሸሽ፣ አረሩ የሚዘለው ክፍተት ይሰፋል።

ቶርኖ ቤት፦
አዌቱ ማዶ ያለው ልክ ነው፣ ዳዩም (አረሩን ቀለሃው ውስጥ የሚጭነው መሣሪያ) ይታይ። የሚገፋው ዘንግ የአረሩን ጫፍ የሚነካ ከሆነ ኮምፓራተርም አያድነውም። አረሩን በማርከር ቀብቶ ይጫነው፤ ቀለበቱ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ጫፉ ላይ ከተፋቀ ዘንጉ ይቀየር። ባሩዱ ተጨናንቆ ከሆነም አረሩን መልሶ ይገፋዋል፤ በማግስቱ እንደገና ይለካ።

ሌላው ግፊት ነው። ጥርሱን የሚነካ አረር ግፊት ይጨምራል። በጣም ማስመጥም የቀለሃውን ቦታ ስለሚያጠብ እንዲሁ ይጨምራል። መቀርቀሪያው ለመክፈት ከከበደ ወይም ቀስቃሹ ከተደፈጠጠ ያቁም፣ ባሩዱን ይቀንስ። ጥርሱ ውስጥ የተወተፈ አረር ደግሞ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲወጣ በርሜሉ ውስጥ ሊቀርና ባሩዱ ሊዘረገፍ ይችላል። ለውድድር እኔ አልመክረውም።

የሂርማታው፦
እናመሰግናለን። ከፍታውስ? ዴንቨር 1,600 ሜትር ግድም ነው፣ እኛም ከዚያ ብዙ አንርቅም።

አዌቱ ማዶ፦
የሳሳ አየር የጥይቱን መውረድና የነፋስ መገፋት ይቀንሳል፣ ያ ለርቀት ሰንጠረዥህ ነው። የማስመጫው ልክ ግን የበርሜሉ ውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም። ፈተናው 100 ሜትር ላይ ይቆይ፤ 500 ላይ ነፋሱ ሁሉንም ያደባልቀዋል። ያልተተኮሱ ጥይቶች ካሉት አሁኑኑ በኮምፓራተር ይለካቸውና ላክልን፤ 71.5 ያላችሁት የትኛው እንደሆነ እዚያው ይታያል።