ጄኒ ችሎት ፊት ስትቆም ቃሏ ለምን አይሰማም?

ሰላም። የዞራ ኒል ኸርስተን ልብ ወለድ «ዓይኖቻቸው እግዚአብሔርን ይመለከቱ ነበር» (1937 እ.ኤ.አ.) ላይ ትንታኔ እየጻፍኩ አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

የዋና ገጸ ባሕሪዋ የጄኒ ሁለቱ የመጀመሪያ ትዳሮች ግልጽ ናቸው። አያቷ 60 ኤከር መሬት ላለው ለሎጋን ኪሊክስ ዳረቻት፤ ፍቅር ግን አልመጣም። ሁለተኛው ባሏ፣ የኢተንቪል ከተማ ከንቲባ ጆ ስታርክስ ደግሞ ያን የሚያምር ፀጉሯን ሱቅ ውስጥ በሻሽ አስሸፍኖ፣ ሰው ፊት እንዳትናገር አፏን አስያዛት። በመጨረሻ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ መልሳ አዋረደችው።

የከበደኝ ሦስተኛው ባሏ ቲ ኬክ ነው። ከልቧ ትወደዋለች፤ እሱ ግን ምዕራፍ 17 ላይ የእሱ መሆኗን ለሌሎች ለማሳየት ይመታታል። እብድ ውሻ ነክሶት ሲታመም ሽጉጥ ይተኩስባታል፤ እሷም ራሷን ለማዳን ተኩሳ ትገድለዋለች። ምዕራፍ 19 ላይ በዚሁ ግድያ ተከሳ ለጁሪው (ፍርድ ለሚሰጡት ነጭ ወንዶች) ስትናገር ቃሏን የምንሰማው በተራኪው በኩል ብቻ ነው። ለጓደኛዋ ለፌቢ ሕይወቷን ሙሉ የምትተርክ ሴት እዚህ ለምን እንዲህ ሆነች? ድምጿን ተነጠቀች ልበል፣ ወይስ ታሪኩን አስቀድመን ስለምናውቀው ደራሲዋ መድገም አልፈለገችም? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ድብደባው ላይም የጄኒ ስሜት ስለማይነገረን ግን እጠራጠራለሁ። ሁለቱን ምዕራፎች አያይዞ የሚያስረዳ ማስረጃ ከጽሑፉ ካያችሁ ጠቁሙኝ።