ቤት እንሥራ ብለን ጀምረን መሃል ላይ ቆመናል

ሰላም ወገኖች። ከቤተ ክርስቲያናችን 12 ሰዎች ሆነን በሌላ አገር ያሉ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚረዳ ክርስቲያናዊ በጎ አድራጎት ድርጅት እየመሠረትን ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ተረቅቋል። እዚያም አብራን የምትሠራ አጥቢያ አለች። ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ ተሰብስቧል፤ ለጋሾቹ የሰጡት ግን «የልጆች ማሳደጊያ ቤት ይሠራበት» ብለው ነው።

መነሻችን ወላጅ አልባ ልጆችን በማሳደግ የሚታወቀው ወንጌላዊ ጆርጅ ሙለር ነበር። ከፕሩሺያ (ከዛሬዋ ጀርመን) ወደ እንግሊዝ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1836 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ በተከራየው ቤት ልጆችን መቀበል ጀመረ፤ በ1870 አምስት ትልልቅ ቤቶች ነበሩት። እኛም እንደዚያ አስበን ነበር።

ባለፈው ወር የ9 ልጆች ቅጽ ተላከልን። አንዱ ላይ «እናት» ከሚለው ፊት ለፊት ስም ተጽፎ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ስንጠይቅ እናትየዋ በሕይወት አለች፤ ማሳደግ አቅቷት ነው። ከቀሩትም 6ቱ አያት ወይም አክስት አላቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የልጆች አማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ መለያ ምክንያት እንዳይሆን ይላል። ልቤ ቤት ከመሥራት ይልቅ ልጆቹን በዘመዶቻቸው እጅ ወደ መርዳት ነው።

ለጋሾቹን ሰብስበን አስረዳን። ግማሾቹ ተቀበሉ። የቀሩት «ቃል የገባችሁልን ቤት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው ገንዘቡን ብናዞረው አደራ መብላት ነው።

እንዲህ ያለ ድርጅት የመሠረታችሁ ወይም የመራችሁ፣ ለቤት የተሰጠ ገንዘብ ልጆቹን በዘመዶቻቸው እጅ ለማሳደግ እንዲውል ከለጋሾቻችሁ ጋር ምን ዓይነት ስምምነት ተፈራረማችሁ?