ለማድመጫ ክፍላችን የሚገዛው አምፕሊፋየር፦ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ወር ስብሰባ በቃለ ጉባኤ እንደሰፈረው፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ዳር በተከራየናት ክፍል ውስጥ አንድ የማድመጫ ጥግ ለማዘጋጀት ተስማምተናል። ውጭ አገር የሚኖሩ ሁለት አባሎቻችን የላኩልን የጆሮ ማዳመጫዎች፣ አንዱ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650፣ ሌላው ሃይፋይማን ኤችኢ-6፣ እጃችን ገብተዋል። ጠቅላላ ጉባኤው ለአምፕሊፋየር (ለድምፅ ማጉያ መሣሪያ) እና ለተጓዳኝ ዕቃዎች እስከ 150,000 ብር እንዲወጣ ፈቅዷል፤ ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ይገዛ የሚለውን ግን ለዚህ ውይይት ትቶታል። የሥራ አመራር ኮሚቴው የሚጠብቀው ሁላችንም የምንፈርምበት አንድ ሰነድ ስለሆነ፣ አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ እንድታሰፍሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦

እኔ የምጠይቀው ምናልባት የማያስደስት ጥያቄ ነው። ኤችዲ 650ን በስልኬ ላይ በምሰካት ትንሽ አዳፕተር ሞክሬው በደንብ ይሰማል። የሚሰማ ከሆነ አምፕሊፋየር የሚባለው ነገር ለምን ያስፈልገናል? ጉባኤው ገንዘብ ስለፈቀደ ብቻ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ እንዳልሆነ ከወዲሁ ላስታውስ።

የቴክኒክ ተጠሪ፦

እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ከሁሉም መቅደም የነበረበት ነው፤ መልሱም ለሁለቱ ማዳመጫዎች አንድ አይደለም። የኤችዲ 650 ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው መቋቋም፣ 300 ኦም ሲሆን፣ ፋብሪካው እንደሚገልጸው በ1 ቮልት 103 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይሰጣል። ሞቅ ተደርጎ የሚደመጥ ሙዚቃ በአማካይ 80 ዲሲቤል አካባቢ ቢሆን፣ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ያልተጨመቀ ቅጂ ውስጥ ድንገት የሚነሣው የከበሮ ምት ከዚያ በ20 ወይም በ25 ዲሲቤል ሊበልጥ ስለሚችል፣ እኔ ጣሪያውን 110 አድርጌ አስልቻለሁ። ለዚህ ማዳመጫ 110 ለመድረስ የሚያስፈልገው 2.24 ቮልት ወይም 17 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ነው። የስልክ አዳፕተሮች የሚያወጡት እንደየዓይነታቸው ይለያያል፤ የአፕል አዳፕተር እንኳ አሜሪካ የሚሸጠው 1 ቮልት ገደማ ሲያወጣ አውሮፓ የሚሸጠው ግማሽ ያህሉን ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሒሳብ ያዣችን በደንብ ይሰማል ማለቷ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ለከፍተኛው ምት የሚተርፍ ጥቂት አቅም ነው።

ኤችኢ-6 ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ፕላናር ማግኔቲክ ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ በማግኔቶች ፊት የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው ድምፁን የሚያወጣው። ኢምፒዳንሱ 50 ኦም ብቻ ቢሆንም በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዲሲቤል ነው። ወደ 110 ለማድረስ 447 ሚሊዋት፣ በቮልት 4.7፣ በአምፔር ደግሞ 95 ሚሊአምፔር ይጠይቃል፤ በኃይል ሲታይ ከመጀመሪያው ወደ 27 እጥፍ ማለት ነው። ብዙ ሰው ኦሙ ከፍ ያለ ማዳመጫ ሁልጊዜ ይከብዳል ብሎ ያምናል፤ እጃችን ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያሉ። የአዳፕተሩ 1 ቮልት ኤችኢ-6 ላይ ቢበዛ 96.5 ዲሲቤል ነው የሚሰጠው፣ ያውም አዳፕተሩ የሚፈለገውን 20 ሚሊአምፔር ሳይንገዳገድ ከሰጠ ነው።

አንጋፋው አባል፦

ልጆቼ፣ ቁጥሩን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው። ቤቴ ግን ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለኝ ጃፓን ሠራሽ ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ የያዘ መሣሪያ) አለ፣ ፊቱ ላይም የማዳመጫ ጃክ አለው። በሙዚቃ አሳታሚው በአምሃ ሪከርድስ ዘመን የታተሙትን የ45 ዙር ሸክላዎቼን የማዳምጠው በእርሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኤችዲ 650ን ሰክቼበት ቤዙ እንዲያ ሞልቶ ሲመጣ ያን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። ለማኅበሩ በነፃ ልሰጠው ዝግጁ ነኝ፤ ብሩም ለሌላ ጉዳይ ይቆይ።

የቴክኒክ ተጠሪ፦

ጋሼ፣ ስለ ልግስናዎ ማኅበሩ ያመሰግንዎታል። ፈቅደውልኝ ትናንት ከቤትዎ መጥቼ ክዳኑን እንደከፈትሁት፣ ከስፒከር መውጫው ወደ ማዳመጫው ጃክ በሚሄደው መስመር ላይ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማና ቡኒ ቀለበት ያለበት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) አገኘሁ፤ 330 ኦም ማለት ነው። የድሮ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የተሠሩት፤ ለማዳመጫ የተለየ አምፕሊፋየር ከመሥራት ይልቅ የስፒከሩን ኃይል በሬዚስተር አዳክሞ መስጠት ርካሽ ነበርና።

እርስዎ የሰሙት የቤዝ ሙላት በእርግጥ አለ፣ ምንጩም ይህ ሬዚስተር ነው። ኤችዲ 650 በስሙ 300 ኦም ይባል እንጂ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ኢምፒዳንሱ ወደ 500 ኦም ይጠጋል። በ330 ኦም በኩል ሲነዳ በመካከለኛው ድምፅ ላይ 6.4 ዲሲቤል ያህል ሲጠፋ በቤዙ ላይ የሚጠፋው 4.4 ገደማ ነው፤ በውጤቱም ቤዙ በ2 ዲሲቤል ከፍ ብሎ ይመጣል። የኤችኢ-6 ኢምፒዳንስ ግን ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ድረስ ያው ስለሆነ፣ ሬዚስተሩ ቀለሙን ሳይለውጥ ድምፁን ብቻ በ17.6 ዲሲቤል ያሳንሰዋል። ሪሲቨርዎ በ8 ኦም 30 ዋት፣ ማለትም 15.5 ቮልት ገደማ ቢያወጣ፣ ለኤችኢ-6 የሚደርሰው 2 ቮልት ብቻ፣ ጣሪያውም 103 ዲሲቤል ያህል ይሆናል። በአንድ ዕቃ ሁለት ማዳመጫ ብናወዳድር የምናወዳድረው ማዳመጫዎቹን ሳይሆን ሬዚስተሩ በእያንዳንዳቸው ላይ የሠራውን ሥራ ነው።

አንጋፋው አባል፦

እንግዲያው ኤችኢ-6ን ከጃኩ ሳይሆን ከኋላው ከስፒከር መውጫ በቀጥታ እንዲነዳ ብናደርግስ? ባለ ኤችኢ-6ዎች እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

የቴክኒክ ተጠሪ፦

እውነት ነው፣ ያደርጋሉ። ነገር ግን ያው 15.5 ቮልት በቀጥታ 50 ኦም ላይ ሲያርፍ 4.8 ዋት ይሆናል፤ ይህም 120 ዲሲቤል ነው። ቤትዎ ለብቻዎ ቢሆን እጅዎን አምናለሁ፣ ክፍላችን ግን መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ቁልፉን የሚያሽከረክርበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ አምፕሊፋየሮች የግራና የቀኝ ኔጌቲቫቸው አንድ ላይ መገናኘት የለበትም፤ በተለመደው ባለ ሦስት መስመር ጃክ ቢገናኝ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ፒያሳ ነዋሪ የሆነ አባል፦

ስለ መብራት አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ያመጣልኝን የማዳመጫ አምፕሊፋየር ሶኬት ላይ በሰካሁ በደቂቃ ውስጥ የመብራት አዳፕተሩ ጨሰ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚለውን ሳላነብ ከእኛው 220 ላይ ሰካሁት። ከ100 እስከ 240 የሚል የተጻፈባቸው ምንም አይሆኑም፣ በውስጣቸው ትራንስፎርመር ብቻ ያለባቸው ከባባዶቹ አዳፕተሮች ግን ለ220 ተለይተው መታዘዝ አለባቸው። ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው አደራ ከማለታችን በፊት ይህ በጽሑፍ ይድረሰው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊትም አንርሳ። ስታቢላይዘር የግድ ነው ባይ ነኝ። አንዳንድ አባላት ሲያነሡት የሰማሁትን ክላስ ኤ የሚባለውን፣ ሙዚቃ ባይኖርም ሙሉ ቀን የሚሞቀውን ዓይነት ግን አልደግፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ክፍላችንም የመንገዱን ጩኸት ለመከላከል መስኮቷ ተዘግቶ የሚውል ነው። ሁለቱም ማዳመጫዎች ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ የታክሲው ጥሩምባ ሁሉ ይገባል፤ መስኮቱን መክፈት የሚታሰብ አይደለም።

በገና ደርዳሪዋ አባል፦

እስካሁን የተባለው በሙሉ ስለ መሣሪያው ነው፤ ምን እንደምናዳምጥበት ግን አልተነገረም። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ስለሚመለስ ነው። ከሥር ወፍራም ድምፅ፣ ከላዩ ደግሞ የተበተነ ስስ ንዝረት በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ቤዙ በ2 ዲሲቤል ቢያብጥ ይህ ንዝረት ወደ ኋላ ይሸሻል። ጋሼን ላስቀይም ፈልጌ ሳይሆን፣ በሸክላዎቻቸው ላይ ያማረው ሙላት በእኔ ቅጂ ላይ እንዚራውን ሲሸፍን ሰምቻለሁ። ቤዝ የፈለገ ሰው በቶን ቁልፍ ሊጨምር ይችላል፤ ሬዚስተሩ የጨመረውን ግን በትክክል መልሶ መቀነስ ቀላል አይደለም።

ሌላው፣ ውድድር ይደረግ ከተባለ የትኛው አምፕሊፋየር እየተጫወተ እንደሆነ አድማጩ ሳያውቅ ይሁን፤ ድምፃቸውም በመልቲሜትር ጃኩ ላይ ተለክቶ እኩል ይደረግ። በጥቂቱ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። እኔ ራሴ በዚህ ተታልዬ አውቃለሁ፤ አንዱን ቅጂዬን ከሌላው መርጬ ሳበቃ ልዩነቱ ቮልዩሙ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ሒሳብ ያዥ፦

ገብቶኛል፤ ተቃውሞዬንም በከፊል አነሣለሁ። ከተጠሪያችን ስሌት የተረዳሁት፣ በማስታወቂያ ላይ 1 ዋት በ32 ኦም ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት መጠነኛ አምፕሊፋየር ይበቃናል ማለት ነው። ስሌቴ ስህተት ካለው አርሙኝ።

የቴክኒክ ተጠሪ፦

ትክክል ነው። በ32 ኦም 1 ዋት ማለት 5.66 ቮልት ነው፤ ያንኑ ቮልት 50 ኦም ላይ ካልቀነሰ 640 ሚሊዋት ይሆናል፣ ኤችኢ-6ም ወደ 111.6 ዲሲቤል ይደርሳል። ከዚህ በላይ የሚከፈል ገንዘብ ለሁለቱ ማዳመጫዎቻችን የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፣ በአብዛኛው ለመልኩና ለክብደቱ የሚከፈል ነው። ወጣቶቹ አባላት የራሳቸውን ባለ 16 ኦም ማዳመጫ ይዘው ስለሚመጡ ጌኑን፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላበትን መጠን፣ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ይኑረው፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱም (በሪሲቨሩ ላይ ሬዚስተሩ እንደጨመረው ያለው፣ የመውጫው የራሱ መቋቋም) ከ2 ኦም አይብለጥ፤ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ አንድ ስምንተኛ አይለፍ የሚለውን የተለመደ ልክ ይዘን ነው። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ስሙን የሰወረ መሐንዲስ ንድፉን በነፃ ያወጣው ኦብጀክቲቭ 2 የሚባለው አምፕሊፋየርም ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት በጠፋ ቀን ክፍሉ አይዘጋም፣ ክፍሎቹንም አሰባስቦ ለመገጣጠም ፈቃደኛ ነኝ።

ሒሳብ ያዥ፦

እንግዲያው ለአምፕሊፋየሩ ከተፈቀደው ገንዘብ ከግማሽ በላይ እንዳይወጣ፣ የቀረው ለስታቢላይዘር፣ ለመለዋወጫ የጆሮ ትራስና ለኬብል እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተሰጠ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አይቆይምና፣ ኮሚቴው ፕሮፎርማው በደረሰው ሳምንት ውስጥ ይወስን። ደረሰኝ የሌለው ግዥ አልመዘግብም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት የሚከተለውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚታረም ካለ እስከ ዓርብ ይገለጽልኝ።

«ማኅበሩ ባለ ትራንዚስተር የሆነ (ባለ ቫኩም ቱቦ ያልሆነ)፣ በ50 ኦም ቢያንስ 500 ሚሊዋትና በ300 ኦም ቢያንስ 5 ቮልት የሚያወጣ፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከ2 ኦም የማይበልጥ፣ ሁለት የጌን ደረጃ ያለውና በ220 ቮልት የሚሠራ አንድ አምፕሊፋየር ከ75,000 ብር ባልበለጠ ወጪ እንዲገዛ እንጠይቃለን። ከግዥው በፊት ከአባላት በውሰት የሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት አምፕሊፋየሮች በአንድ ቅዳሜ፣ ድምፃቸው ተስተካክሎና ማንነታቸው ተሸፍኖ፣ በበገና ቅጂና በ45 ዙር ሸክላ ይደመጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዲሲቤልን እንደ ወሰን ስለሚጠቅስ፣ በቮልዩም ቁልፉ ላይ ለእያንዳንዱ ማዳመጫ ምልክት ይደረግ፤ መብራት ሲጠፋም ማዳመጫው ከጆሮ ይውረድ፣ ቮልዩሙም ወደ ዜሮ ይመለስ። የተለገሰው አሮጌ ሪሲቨር ለስፒከር ማድመጫ ያገለግላል።»

አንጋፋው አባል፦

ሁሉንም እፈርማለሁ። «አሮጌ» የምትለው ቃል ግን ትውጣ፤ «የተለገሰው ሪሲቨር» ይበቃል። ቅዳሜ ሸክላዎቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ከመኪናው የሚያወርድልኝ አንድ ጉልበት ያለው ልጅ ይጠብቀኝ።