አባቴ ደረቱን እያመመው 14 ሰዓት ቤት ቆየ፤ ምን ብዬ ላሳምነው?

የድሬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገንደ ቆሬ ነው የምንኖረው። አባቴ 67 ዓመቱ ነው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፤ ስኳር አለበት። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደረቱ መሃል ከባድ ነገር ተጭኖት ነቃ። እናቴን አልቀሰቀሳትም፤ ግቢ ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ለሥራ ስነሳ እዚያው አገኘሁት። ካናቴራው በላብ ገላው ላይ ተጣብቋል። «ሙቀቱ ነው» አለኝ። በድሬ ሙቀት ላብ ማን ይጠረጥራል? እጁን ስይዘው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ያ ቅዝቃዜ እስካሁን ከእጄ አልወጣም።

ቀጥሎ «ጨጓራዬ ነው፣ ማታ የበላሁት ፉል ነው» አለ። እናቴ አብሽ በጠበጠችለት፣ ጠጣ፣ ጋደም አለ። እኔም አምኜው ሥራ ሄድኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሽንት ቤት ሲመለስ ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳ ተደገፈ፤ ያኔ ነው በባጃጅ ያደረስነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው። ስንነግረው ዝም አለ። ልቡ ነበር፤ የደም ሥሩን የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት አልፏል። ከከዚራ ለገሃር በእግሩ ይመላለስ የነበረ ሰው አሁን ሱቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይቆማል።

ትናንት ማታ ደግሞ ደረቱን ያዝ ሲያደርግ አየሁት። «ምሳው ነው» አለ። ስቆጣው ፊቱን አዞረብኝ። ሰው እያመመው ለምን እንዲህ ይሆናል?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ። ልቡ አንዴ የተጎዳ ሰው ደረቱን እንደገና ሲያመው ማደር የለበትም።

ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ዘግይተው የሚመጡት አብዛኞቹ ለሕመሙ ስም አውጥተውለት ነው የሚመጡት፤ ጨጓራ፣ ጋዝ፣ ብርድ፣ ሙቀት። ስም ያገኘ ሕመም አያስፈራም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ስለሚጎዳ ሕመሙ ቀለል ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አያመውም፣ ላብና ድካም ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ላብ ካየሽ ስለ ፉሉ አትከራከሪ።

ስትደርሱ «ደረቱን አሞታል» በይ፤ ኢሲጂ፣ የልብ ምቱን በወረቀት የሚያነሳው ምርመራ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት። የመጀመሪያው ደህና ነው ቢሉሽም ቶሎ አትውጪ፣ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ያ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሰዓታት ከተሰጠ ብዙ የልብ ጡንቻ ይተርፋል። መድኃኒቱ በሌሊት የትኛው ሆስፒታል እንዳለ ዛሬ በደህና ቀን ጠይቁና እወቁ።

ሸዋ በር፦
አቦ አይዞሽ። እኔ ሐረር ነኝ፣ 49 ዓመቴ ነው፤ እኔም እንደ አባትሽ ነበርኩ። በርጫ ላይ እያለን መንጋጋዬንና ግራ ክንዴን ያዘኝ። ጫቱ ነው ብዬ ለስላሳ ጠጣሁ። ጫት የልብ ምትና ግፊት እንደሚጨምር ያኔ የነገረኝ የለም፤ ቢነግረኝም መሃል በርጫ ላይ አልሰማውም ነበር። ልብ ሲያም ሰው ወድቆ ይንፈራገጣል ብዬ ነበር የማስበው፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አወራለሁ። ከጓደኞቼ መሃል ተነስቼ «ሆስፒታል ውሰዱኝ» ማለት ከበደኝ። ምንም ባይገኝብኝስ? መግሪብ አለፈ።

አትቆጪው። ሌሊት ላይ ቁጭ ብሎ ምን ሲያስብ እንደነበር ጠይቂው።

ሳቢያን፦
እናቴ ደረቷን አንድም ቀን አላመማትም። ለሁለት ቀን ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ነበር፤ እንጀራ እየጋገረች ነው የተቀመጠችው። በሴቶች ላይ እንዲህም ይመጣል፣ እናትሽንም አስቢያት።

የድሬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርሷን መልስ እንዳየሁ ይዤው ሄድኩ። ኢሲጂ ተነሳ፣ ደሙ ሁለት ጊዜ ታየ፤ አዲስ ጉዳት የለም አሉን፣ ከምላሱ ሥር የሚያደርገው ኪኒን ጨመሩለት።

ተራ ስንጠብቅ ጠየቅኩት። ብዙ ቆየና «ጋራዥ አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬን በሌሊት ወስደነው በሬሳ ነው የመለስነው። የነጋልኝ እንደሆነ ድኛለሁ አልኩ» አለኝ። ይህን ለእናቴም ነግሯት አያውቅም። አራት ሰዓት ያህል ጎህ ሲጠብቅ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ፉል ስከራከር።

ስንመለስ ባጃጁን የሚነዳውን ልጅ ራሱ አናገረው፤ በሌሊት ቢደወልለት ይመጣ እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ቁጥሩን በአባቴ ስልክ ላይ መዘገበለት።