የወባ ትንኝን መለየት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዴት ላስተምር?

የጣናው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። መስከረም ሲጠባ ወባው መነሳቱ አይቀርም፣ ከዚያ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን የወባ ትንኝን ስለመለየት የአንድ ቀን ስልጠና ስጥ ተብያለሁ። በእጄ ያለው የክንፍና የአፍ ስዕል የታጨቀበት ስላይድ ነው። ማይክሮስኮፕ ለሌለው ሰው ይሄ ምን ያደርግለታል? እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

የትንኝ ባለሙያ፦
ስላይዱን ተወውና ውሃ ዳር ይዘሃቸው ውጣ። ከእጩ ጀምር፣ ገና ክንፍ ሳያወጣ ውሃ ውስጥ ከሚኖረው ማለቴ ነው። የወባ ትንኝ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው እንደ ስንጥር ውሃው ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚገኘው፤ የሌሎቹ ግን ጭራቸው ላይ ባለው ቱቦ የውሃውን ገጽ ይዘው ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ነጭ ጭልፋ ካለ በዓይን ይታያል። ሲጨልፉ ጥላቸው ውሃው ላይ እንዳያርፍ አደራ፣ ጥላ ሲያርፍባቸው ወዲያው ይሰምጣሉ፣ ከጨለፉም በኋላ ውሃው እስኪረጋ መታገስ ነው። ግድግዳ ላይ ያረፈችዋ ከኋላዋ ከፍ ካለች የወባ ናት። አራቢየንሲስ የምትባለውን የወባ ትንኝ ዝርያ ከቅርብ ዘመዶቿ መለየት ግን የዘረመል ምርመራ ሥራ ነው፣ በእሱ አታድክማቸው።

ፎገራዋ፦
እኔም ኤክስቴንሽን ነኝ። እኛ ጋ ሩዝ ማሳውን፣ የከብት ኮቴ የተወውን ውሃ ሳይቀር እናያለን። ከተማ ላይ ግን ማን ነው ሮቶ ከፍቶ የሚያይ? በርሜል ውስጥ ያለው የወባ አይደለም ተብለን ነው የሰለጠንነው።

የትንኝ ባለሙያ፦
ጥሩ አነሳሽ እህቴ። እሱ ትምህርት አሁን አይሠራም። ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በፈረንጆቹ 2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ 2022 ላይ ድሬዳዋን ላስጨነቀው ወባም ምክንያት ሆናለች። የምትራባው በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው፣ ከተማ ይመቻታል። ባሕር ዳር ደግሞ ግንባታ የሌለበት ሰፈር የት አለ? ስለዚህ በርሜል ውስጥ ጋደም ያለ እጭ ካገኙ ደፍተው እንዳይሄዱ፣ መጀመሪያ አልኮል ውስጥ ይያዝ።

የጣናው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አባይ ማዶ ግንባታ ያለበት ግቢ አስፈቅጄ ጠዋት እዚያው እንጀምራለን። አልኮሉ ስንት ፐርሰንት ይሁን?

የትንኝ ባለሙያ፦
80 ይበቃል። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ብልቃጡ ውስጥ ይክተቱት፣ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል።