ደሴ ላይ 11 አሮጌ ውስኪ በአንድ ዋጋ ተገኝቷል፤ የትኞቹን አራት ልውሰድ?

የቧንቧ ውሃው

ሰላም ለቤቱ። ደሴ ውስጥ ሊዘጋ የተቃረበ አንድ የቆየ ግሮሰሪ አለ። መደርደሪያው ላይ 11 ያልተከፈቱ ውስኪዎች ቀርተዋል። ባለቤቱ ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠርቶ «መርጠህ አንሳ» ብሏል። የኔ አቅም አራት ነው፤ ሁለቱ ለስጦታ፣ ሁለቱ ለመክፈት።

ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ሬድ ሌብል ባለ አንድ ሊትር ሦስት፣ ብላክ ሌብል ሁለት (አንዱ 75 ሳንቲ ሊትር፣ 43 በመቶ የሚል፤ ሌላው አዲስ የሚመስል)፣ ብሉ ሌብል ከነካርቶኑ አንድ፣ ሺቫስ ሪጋል 12 ሁለት፣ ሮያል ሳሉት 21 ሰማያዊው ሸክላ አንድ፣ ዲምፕል አንድ፣ ኋይት ሆርስ አንድ። ኋይት ሆርሱን «ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው» ይላል ሰውየው።

ቅዳሜ ሄጄ ላያቸው ነው። ምን ምን ልመልከት? ምንስ ይዤ ልሂድ?

ጦሳ ስር

ወንድሜ፣ ሌብሉን ለጊዜው ተወውና አንገቱን እይ። ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። 12 የሚለው በርሜል ውስጥ የቆየበት ነው፤ ከተደባለቁት ውስኪዎች ሁሉ የትንሹ ዕድሜ። መደርደሪያ ላይ 40 ዓመት ቢቀመጥም ያው 12 ነው። መደርደሪያው የሚጨምርለት የለም፣ የሚወስድበት ግን አለ።

ባትሪና ማስመሪያ ያዝ። ጠርሙሱን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ባትሪውን ከኋላው አብራ፤ ፈሳሹ የት ላይ እንደቆመ በግልጽ ይታያል። አንገቱ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ትከሻው መጀመሪያ ላይ ከሆነ ዋጋው ሲቀንስ ብቻ የሚታሰብ ነው። ከትከሻው ከወረደ ስሙ ምንም ይሁን ተወው፤ አየሩ በዝቶበታል፣ ሲጠጣ ውሃ ውሃ ይላል። ሺቫሶቹ ጥንድ፣ ሬዶቹ ሦስት ስለሆኑ አጠገብ ለአጠገብ አቁመህ አወዳድራቸው። አንድ ዓይነት ጠርሙስ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ አንዱ ብቻ በሦስት ጣት ከወረደ ችግሩ ክዳኑ ነው።

የደሴ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከባሕር ብዙም ከፍ በማይል ቦታ የታሸገ ጠርሙስ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ምንም አይሆን። ቡሹ ከደረቀ ወይም የክዳኑ ውስጥ ሽፋን ከሳሳ ግን አልኮሉ በዚያ ይተናል። ስለዚህ እኛ ጋ የጎደለ ሁሉ ሰው የነካው አይደለም። ለገዢው ግን ልዩነት የለውም፤ በሰው እጅም ሄደ በትነት፣ ሄዷል።

ክዳኑን ለማጥበቅ እንዳትሞክር። ቀለበቱን ከክዳኑ የሚያያይዙት ቀጫጭን ብረቶች መኖራቸውን ብቻ እይ። ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም የሚጣበቅ ነገር ካለ አፍስሷል ማለት ነው። ሸክላውን ሮያል ሳሉት ግን እኔ አልገዛም፤ ውስጡ የማይታይ ነገር ላይ ብር አላወጣም።

ኮምቦልቻ ዲፖ

በአንገቱ ጉዳይ እስማማለሁ። ዕድሜውን ስለማወቅ ልጨምር (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

75 ሳንቲ ሊትር ስላለው ብቻ ብላኩን አሮጌ ነው አትበል። እንግሊዝና አውሮፓ ከ75 ወደ 70 የተሻገሩት 1990 አካባቢ ነው፤ ለአሜሪካና ለአንዳንድ ሌሎች አገሮች የሚሞላው ግን ዛሬም 75 ነው። 43 በመቶም ወደ ውጭ የሚላክ ውስኪ የተለመደ ጥንካሬ ነበር፣ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። ምልክቶቹ ሲደራረቡ ነው የሚያስተማምኑት። ባርኮድ ከሌለው ከ1980ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የአልኮሉ ጥንካሬ በእንግሊዝ ፕሩፍ የተጻፈ ከሆነ (70 ፕሩፍ ማለት 40 በመቶ ነው) ከ1980 በፊት ይሆናል፤ ከአሜሪካው ፕሩፍ ጋር እንዳታምታታው፣ እዚያ 80 ነው 40 በመቶ የሚሆነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ማስጠንቀቂያ የታተመበት ደግሞ ከ1989 መጨረሻ ወዲህ ነው።

ኋይት ሆርሱ ላይ ሰዎች «ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ የጣሊያን ጊዜ አይደለም» ይሉሃል። ስህተት ነው። ኋይት ሆርስ የሚጠመዘዝ ክዳን የጀመረው በ1926 ነው፣ ከጣሊያን ወረራ ዘጠኝ ዓመት በፊት። ባርኮድ ካለው ግን ወሬው እዚያው ያበቃል። ባርኮድ ከሌለው የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት ተዋስ፤ ብዙ ሱቅ አለ። ከ1950 ገደማ ወዲህ ወረቀት ላይ የሚጨመር ማንጫ ኬሚካል በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የጣሊያን ጊዜ የተባለ ሌብል እንዲያ ከበራ ታሪኩ ውሸት ነው። ካልበራ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ማንጫ የሌለው አዲስ ወረቀትም ሞልቷል።

እነ ሮዝባንክና ፖርት ኤለን የሚባሉት የስኮትላንድ ውስኪዎች፣ ፋብሪካቸው ተዘግቶ በቆየበት ዘመን የተወደዱት፣ እዚህ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ ብለህ አትድከም። ከዝርዝርህ ውስጥ ብርቅ የሚባል የለም፤ ጥሩና መጥፎ ነው ያለው።

እትዬ ባንኮኒ

ብሉ ሌብሉን አትንካው። ከ1992 ጀምሮ በዚህ ስም እየተሸጠ ያለ፣ ዛሬም የሚመረት ውስኪ ነው፤ አሮጌ ስለሆነ የሚያገኘው ክብር ትንሽ ነው። ደግሞ የብሉ ባዶ ጠርሙስ ከነካርቶኑ ቆሻሻ ላይ ወድቆ አይቼ አላውቅም፤ ሁሌ ገዢ አለው፣ የሚገዛውም ለአበባ አይደለም። ግዴለም ካልክ ግን ጠርሙሱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር መፋቁን፣ ከታች መስታወቱ ላይ የተመታው የምርት ኮድ በአሸዋ ወረቀት መታሸቱን እይ። የተፋቀ ኮድ ያለውን ጠርሙስ በነጻም አትውሰድ።

ጠርሙስ አናውጦ አረፋውን እያየ «ኦሪጅናል ነው» የሚል ሰው ሊያማክርህ ይመጣል። አረፋው የሚነግርህ የአልኮሉን ጥንካሬ እንጂ ማንነቱን አይደለም፤ ካራሜል የገባበት አረቄም ያንኑ አረፋ ይሰጥሃል። ከዚያ ይልቅ ታችኛውን እይ። ደሴ ማለዳ ብርድ ስለሆነ ውስኪው ደብዘዝ ሊል ይችላል፤ ክፍል ውስጥ ሞቅ ሲል ከጠራ ችግር የለውም። ሞቆም ነጭ ብናኝ ካንሳፈፈ ማዕድን በበዛበት ውሃ የተበረዘ ሊሆን ይችላል።

ሸክላውን በተመለከተ ከጦሳ ስር ጋር አልስማማም። አይታይም እንጂ ይመዘናል። ሮያል ሳሉት በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ንግሥ የወጣ ነው፤ ባዶውን ጠርሙስ ሳሎን ቡፌ ላይ ያስቀመጠ ቤት ደሴ ውስጥ አይጠፋም። ተመሳሳይ ባዶ ከነቡሹ ተዋስና ሁለቱንም በወርቅ ቤት ወይም በቅመም ሚዛን መዝን። 70 ሳንቲ ሊትር ውስኪ 660 ግራም ገደማ ነው። ሙሉው ከባዶው በዚያ ያህል መብለጥ አለበት። 10 ሳንቲ ሊትር በጎደለ ቁጥር 95 ግራም ያህል ይቀንሳል። ሸክላው ራሱ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ለትንሽ ግራም አትጨነቅ፤ ልዩነቱ 500 ከሆነ ግን ሩብ ያህሉ ሄዷል፣ ተወው።

የቧንቧ ውሃው

እትዬ፣ ተባረኪ። ሁላችሁም አመሰግናለሁ። አይቻቸዋለሁ፦

ኋይት ሆርሱ ከጀርባው ባርኮድ አለው፣ ትከሻው ላይ ነው። ዲምፕሉ ከክዳኑ ሥር የደረቀ ቡናማ ፍሳሽ አለው። ሺቫሶቹ አንዱ አንገት ላይ ነው፣ ሁለተኛው በ4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ባለ 43ቱ ብላክ ባርኮድም ማስጠንቀቂያም የለውም፣ አንገቱ ሙሉ ነው፣ ቀለበቱ አልተነካም። አዲስ የሚመስለው ብላክ ሙሉ ነው። ሬዶቹ ሦስቱም ሙሉ ናቸው። ሸክላው ከተዋስኩት ባዶ በ640 ግራም ይበልጣል።

ጦሳ ስር

640 ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ሸክላውን ውሰደው። በአንድ ዋጋ ባለ 21 ዓመት ከሬድ ሌብል ጋር እኩል እየተሸጠ መተው አይሆንም።

ሦስቱ ግልጽ ናቸው፦ ሮያል ሳሉቱ፣ ባለ 43ቱ ብላክ፣ ሙሉው ሺቫስ። ለአራተኛው አዲሱን ብላክ ከሱቅ ዋጋ ጋር አስተያይ፤ ሱቅ ላይ ከረከሰ ከሱቅ ግዛ፣ ስጦታ ከሆነ ደረሰኝም ይኖረዋል። አራት ስላልክ አራት መሙላት የለብህም። ሬዱን በሊትር ስለበለጠ ብለህ እንዳትወስደው፣ እሱ የትም ይገኛል።

እትዬ ባንኮኒ

ለስጦታ ሸክላውና ሺቫሱ፣ ለመክፈት አሮጌው ብላክ። ስጦታውን ለሚቀበለው ሰው ሸክላው ላይ ቡሽ እንዳለው ንገረው፤ ሲከፈት የሚሰበረው እሱ ነው። ከመክፈቱ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ለጥቂት ሰከንድ ዘንበል አድርጎ ቡሹን ያርጥበውና መልሶ ያቁመው። ሲከፍት ቡሹን ሳይሆን ጠርሙሱን ቀስ እያለ ያዙር። ከተሰበረ ፍርፋሪው ስለማይጎዳ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በታጠበ ነጠላ ጨርቅ አጥልሎ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ይገልብጠው፣ የሌላ ውስኪ ቡሽም አስቀድሞ ያዘጋጅ።

እስከዚያ ድረስ ሁሉንም አቁማችሁ አስቀምጡ። እንደ ወይን ጠጅ አታጋድሙ፤ የውስኪ አልኮል ጠንካራ ስለሆነ ቡሹን ይበላዋል። መስኮት አጠገብም አይሁን።

ኮምቦልቻ ዲፖ

ስጦታው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፣ ከፋብሪካው እንደታሸገ ከሆነ። የሸክላውን ቡሽ በፕላስቲክ ጠቅልለህ በፕላስተር እሰረው፣ ጠርሙሱንም ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ልብስ መሃል አቁመው።