የሣር ማጨጃዬ የነዳጅ ቱቦ ተሰበረ፤ በምን ልቀይረው?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ? ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላት የሣር ማጨጃ አለችኝ። ትነሳለች፤ ነዳጅ ስሰጣት ግን ትታነቅና ትጠፋለች። ሰርባቶዮውን (የነዳጅ ጋኑን) ከፍቼ ፊልትሮውን (የነዳጅ ማጣሪያውን) ስስበው ቱቦው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አሁን እጄ ላይ ሦስት ዓይነት አለ፦ ውስጡን የሚያሳይ የውሃ ፕላስቲክ፣ ጥቁር የመኪና ነዳጅ ጎማ፣ እና ለስላሳ ሲሊኮን። ልቤ ወደ ሲሊኮኑ ነው፤ ሙቀት ይችላል ይባላል።

ፒንሳው፦
ወንድሜ፣ ሲሊኮኑን እርሳው። ሙቀት መቻሉ እውነት ነው፤ ቤንዚን ግን አይችልም። ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡሬተሩ አፍ ላይም ይሾልካል። እሱ የሚሆነው በሜታኖል ለሚሠሩ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች ነው። የውሃው ፕላስቲክ ደግሞ ለጊዜው ይሸውድሃል። ያለሰለሰውን ነገር ቤንዚኑ አጥቦ ያወጣበታል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

ጥቁሩ የተሻለ ነው፤ ግን ለሰርባቶዮ ውስጥ አይሆንም። አብዛኛው የመኪና ጎማ ውስጡ ነው ነዳጅ የሚችለው፤ ውጪው ተነክሮ እንዲኖር አልተሠራም። በዚያ ላይ ወፍራምና ግትር ነው። ማሽኑን ስታጋድለው ፊልትሮው ነዳጁን ተከትሎ መውደቅ አለበት። ቱቦው ከገተረ ፊልትሮው አየር ላይ ይንጠለጠላል።

ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ቱቦ ፈልግ። ቢጫው ታይጎን ኤፍ-4040-ኤ ይሆንሃል። ቤንዚንህ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነና ገንዘቡ ካለህ ቫይተን ከሚባለው ነዳጅ ቻይ ጎማ የተሠራው ይበልጣል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ! ታይጎኑ ተገኝቷል። ግን የሰርባቶዮው ቀዳዳ ላይ ላላ ብሏል። ማስቲሽ ልቀባው?

ፒንሳው፦
በጭራሽ! ማስቲሹን ቤንዚን ይበላዋል፤ ፍርፋሪው ካርቡሬተር ይደፍናል። የገዛኸው የውስጡን ስፋት ብቻ አይተህ ነው መሰለኝ። ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) የሌለው ሰርባቶዮ ላይ የሚደፍነው ቱቦው ራሱ ነው። ስለዚህ የውጪው ስፋት ከቀዳዳው ትንሽ መብለጥ አለበት። በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለካ። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ በሰያፍ አስረዝመህ ቁረጠው፣ በነዳጅ አርጥበው፣ ሹሉን በቀዳዳው አሳልፈህ በፒንሳ ሳበው። ፒንሳ የነከሰውን ጫፍ ቆርጠህ ጣል።

ለምን እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ። ይሄ ቱቦ ነዳጅ የሚመጠጥበት ነው። ሲሰነጠቅ ሁልጊዜ አያፈስም፤ አየር ይስባል። አየር ሲበዛ የነዳጅና የአየር ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ዘይቱም የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲቀንስ ቅባቱም አብሮ ይቀንሳል። ፒስቶን ተጭሮ የሚነክሰው (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው) በዚህ ነው። ሰው ግን ካርቡሬተር ሲፈታታ ይውላል።

ሌላ አንባቢ፦
እኔ በታይጎኑ ብዙም አልስማማም። እሱም ቢሆን ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፣ በተለይ ማሽኑ ነዳጅ ይዞ ወራት ከቆመ። ለዚያ ሞዴል ተብሎ በቅርጹ የተሠራ ጎማ ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ፤ ልኩን ፍለጋ ካሊፐር ይዞ መዞር የለም።

ፒንሳው፦
ከተገኘማ ማን ይጠላል! ደግሞ ጠያቂያችን፣ በእጅ የምትጫን የነዳጅ መሳቢያ ካለችው ሁለቱንም ቱቦ ቀይር፤ ያረጁት እኩል ነው። ፊልትሮ ያለው ወደ ካርቡሬተር፣ ሌላው ከመሳቢያዋ ወደ ሰርባቶዮ መመለሻ ነው። ካገላበጥካቸው ብትጫናት ብትጫናት ነዳጅ አትስብም።